ሁለተኛ ጉድጓድ ከማስቆፈር በፊት ሪዘርቫየሩን ለኩ

ጥያቄ፦ «በአማራ ክልል በአንዲት ደጋማ የወረዳ ከተማ የከተማው ምክር ቤት አባል ነኝ፤ በውሃ ቦርዱም የደንበኞች ተወካይ ሆኜ ተመርጫለሁ። ከተማችን 11,000 ያህል ሕዝብና 1,450 የውሃ ደንበኞች አሏት። ውሃው የሚመጣው ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ፓምፑ በሰከንድ 8 ሊትር እንደሚሰጥ፣ በቀን 16 ሰዓት እንደሚሠራ ተነግሮናል። 200 ሜትር ኩብ የሚይዝ ክብ ሪዘርቫየር (የውሃ ማጠራቀሚያ) አለን። ሆኖም ውሃ በፈረቃ የሚደርሰን በ8 ቀን አንዴ ነው። ባለፈው ወር ቢል የተቆረጠበት ውሃ 7,900 ሜትር ኩብ ነው። አሁን ለሁለተኛ ጉድጓድ ከየቤቱ መዋጮ ይሰብሰብ የሚል ሐሳብ ለምክር ቤቱ ቀርቧል። በዚያ ላይ ዋናው መንገድ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው፤ ከሥሩ ያረጀ የብረት ቧንቧ አለ። መዋጮውን ልደግፍ ወይስ ልቃወም? ቧንቧውን የመቀየር ግዴታ ያለበትስ ማዘጋጃ ቤቱ አይደለም?»

መልስ፦ መዋጮውን አሁን አይደግፉት። ጉድጓድ አያስፈልጋችሁም ማለቴ አይደለም፤ ያስፈልጋል ለማለት የሚያበቃ ልኬት ግን በእጃችሁ የለም። የላኳቸውን ቁጥሮች እንያቸው። በሰከንድ 8 ሊትር ለ16 ሰዓት ማለት በቀን 460 ሜትር ኩብ፣ በወር ወደ 13,800 ሜትር ኩብ ነው። ለ11,000 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 42 ሊትር ይሆናል። በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ20,000 በታች ሕዝብ ላላቸው ከተሞች የተቀመጠው መለኪያ 40 ሊትር ነበር። በወረቀት ላይ ከተማችሁ መለኪያውን አልፋለች ማለት ነው። ቢል የተቆረጠበት 7,900 ሜትር ኩብ ግን ለአንድ ሰው የሚያደርሰው 24 ሊትር ብቻ ነው። በመካከል 5,900 ሜትር ኩብ፣ ከምርቱ 43 በመቶ፣ ገቢ ሳያስገኝ ቀርቷል። አዲስ ጉድጓድ ወደዚሁ መስመር ቢገናኝ የእሱም ውሃ በዚያው መንገድ ይሄዳል። እንዲያውም መስመሩ ብዙ ሰዓት ግፊት ስለሚያገኝ ፍሳሹ ይብሳል።

ይህን ይዘው ስብሰባ ላይ «43 በመቶው መሬት ውስጥ ይፈሳል» እንዳይሉ ግን አደራ። ገቢ ያላስገኘ ውሃ ሁሉ የፈሰሰ ውሃ አይደለም። አንዱ ክፍል ጭራሽ ያልተመረተ ሊሆን ይችላል። ሌላው በመስመር ላይ የፈሰሰ ነው። ሦስተኛው ሰው የተጠቀመበት፣ ግን ያልተነበበ ወይም ያልተከፈለበት ነው። መድኃኒታቸውም ወጪያቸውም የተለያየ ነው፤ ሳይለዩ ገንዘብ ማውጣት ደግሞ አብዛኞቹ ትንንሽ ከተሞች የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው።

ከሦስቱ ማንም የማይጠረጥረው የመጀመሪያውን ነው። «በሰከንድ 8 ሊትር» የሚለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ፓምፑ ሲተከል ከተጻፈው የርክክብ ሰነድ ወይም ከፓምፑ ሰሌዳ ነው። ዓመታት አሸዋ ሲበላው የቆየ ፓምፕ ያንን መጠን አይሰጥም። «16 ሰዓት» የሚለውም መብራት የጠፋባቸውን ሰዓታት ቀንሶ ይሁን ሳይቀንስ አይታወቅም። ሁለቱን ለማረጋገጥ የሚገዛ ዕቃ የለም። ሪዘርቫየራችሁ ክብ ስለሆነ የውስጡን ዲያሜትር ለኩ። 8 ሜትር ከሆነ የወለሉ ስፋት 50 ካሬ ሜትር ነው፤ ውሃው አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር የተለወጠው መጠን 500 ሊትር ነው። ይህቺን አንድ ቁጥር ያዙ፤ የቀረው ሥራ ሁሉ በእሷ ይሠራል።

መጀመሪያ ራሱን ሪዘርቫየሩን ፈትሹ። ፓምፑን አጥፉ፤ መግቢያውንም መውጫዎቹንም ዝጉና ለሁለት ሰዓት የውሃውን ከፍታ ተከታተሉ። ከወረደ ወይ ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ወይ የማጠቢያው ቫልቭ አይዘጋም፣ ወይ የመውጫው ቫልቭ ውስጥ ውስጡን ያሳልፋል። ቀጥሎ መግቢያውን ከፍታችሁ፣ መውጫዎቹ እንደተዘጉ ፓምፑን አስነሱ። ውሃው ሪዘርቫየር መድረሱን ካያችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሴንቲ ሜትር በተከፈለ ዘንግ በየ15 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት መዝግቡ። 8 ሊትር በሰከንድ ከሆነ በሰዓት 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ መውጣት አለበት። የወጣው 43 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሚደርሰው 6 ሊትር ብቻ ነው። ያን ጊዜ የወር ምርታችሁ 13,800 ሳይሆን 10,400 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል፤ «43 በመቶ» የተባለው ክፍተትም ወደ 24 በመቶ ይወርዳል። ችግሩ ከከተማው መስመር ወጥቶ ወደ ጉድጓዱና ወደ ዋናው መግፊያ መስመር (ውሃውን ከጉድጓዱ ወደ ሪዘርቫየሩ ወደሚያወጣው ቧንቧ) ዞረ ማለት ነው። በአንድ ሰዓት ልኬት የመላው ዕቅድ አቅጣጫ ይቀየራል።

ልኬቱ ዝቅ ካለ ቀጣዩ ጥያቄ ውሃው የት ቀረ የሚለው ነው። በጉድጓዱ አፍ ላይ መፈተሻ መውጫ ካለ 200 ሊትር በርሜል አስቀምጣችሁ የሚሞላበትን ጊዜ ያዙ፤ በሰከንድ 8 ሊትር ከሆነ 25 ሰከንድ ይፈጃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፓምፑ ውሃውን ወደ ሪዘርቫየር ሽቅብ ሳይገፋ በሜዳው ሲለቅ ሸክሙ ስለሚቀልለት ከወትሮው የበለጠ ይሰጣል። ስለዚህ የግፊት መለኪያው በሥራ ሰዓት የሚያሳየውን እስኪያሳይ ድረስ ቫልቩን አጥብባችሁ ነው መለካት ያለባችሁ። በዚያ ግፊት ጉድጓዱ አፍ ላይ 8 ሊትር ተገኝቶ ሪዘርቫየር ላይ 6 ከሆነ መግፊያው መስመር ይፈሳል ወይም በመንገድ ላይ ሰው ቀጥሎበታል። እዚያው አፉ ላይ 6 ከሆነ ደግሞ ወይ ፓምፑ አርጅቷል፣ ወይ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቋሚ ቧንቧ ተበስቷል፣ ወይ የውሃው ወለል ራሱ ወርዷል። የመጨረሻውን የሚለየው ፓምፑ እየሠራ በመለኪያ ገመድ የሚወሰድ የወለል ልኬት ነው። ይህ ልኬት ጉድጓዱ ሲቆፈር ከተጻፈው ጋር ይነጻጸራል፤ የቁፋሮ ሰነዱ ከጠፋባችሁ ቅጂ በክልሉ ውሃ ቢሮ ወይም በዞኑ መምሪያ ይፈለግ።

አንድ ሌላ ቀዳዳም አለ፤ የሪዘርቫየሩ የትርፍ መውጫ። ሌሊት ፓምፑ ተነስቶ ተረኛው ካልዘጋው ሞልቶ ይፈሳል፤ ሳሩ ብቻ ይለመልማል። በሪዘርቫየሩ ሥር በበጋ አረንጓዴ ሆኖ የሚከርም ቦታ ካለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። መፍትሔው ውሃው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ የደረጃ መቆጣጠሪያ ነው። ጉድጓዱ ሩቅ ሆኖ ገመድ መዘርጋት ካልተቻለ በመግቢያው ላይ ተንሳፋፊ ቫልቭ፣ በፓምፑ ቦርድ ላይ ደግሞ ግፊት ሲያልፍ የሚያጠፋ ማብሪያ ይገጠማል።

ምርቱ ከታወቀ በኋላ ወደ ከተማው መስመር ይወረዳል። በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው ዘዴ ከተማው በተኛበት ሰዓት የሚሄደውን ውሃ መለካት ነው። በፈረቃ በሚኖር ከተማ ግን ይህ እንዳለ አይሠራም። ውሃ በመጣበት ሌሊት ሰው አይተኛም፤ ጀሪካንና ሮቶ ይሞላል። ስለዚህ አንድ ሰፈር ምረጡና ያለማቋረጥ ሁለት ቀን ውሃ ስጡት። ሮቶው ሁሉ ሞልቶ ሰው ሲረጋጋ፣ በሁለተኛው ሌሊት ከ7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት የሌሎች ሰፈሮችን ቫልቮች ዘግታችሁ፣ ፓምፑንም አጥፍታችሁ የሪዘርቫየሩን መውረድ ተከታተሉ። 300 ደንበኞች ባሉበት ሰፈር በሦስት ሰዓት 12 ሴንቲ ሜትር ከወረደ 6,000 ሊትር፣ በሰዓት 2,000 ሊትር ሄዷል። በዚያ ሰዓት ለአንድ ደንበኛ 2 ሊትር ብትፈቅዱ እውነተኛው ፍጆታ 600 ሊትር ነው። የቀረው 1,400 ሊትር መስመሩ ግፊት ባለው በእያንዳንዱ ሰዓት የሚፈስ ነው። በሁሉም ሰፈር ይህን ስታደርጉ ከፍተኛ ፍሳሽ ያለበት አንድ ወይም ሁለት ሰፈር ይለያል፤ ቁፋሮው ከዚያ ይጀምራል። በእነዚህ ሁለት ቀናት ለሌላው ሰፈር የሚደርሰው ውሃ ስለሚዘገይ ግን ለነዋሪው አስቀድማችሁ ንገሩ። ያልተነገረው ሰው ቫልቭ ይሰብራል።

ትንሽ ቀዳዳ የምታደርሰውን ጉዳት ምክር ቤቱ እንዲያየው ይህን ስሌት አቅርቡለት። በ30 ሜትር ግፊት፣ ማለትም በ3 ባር፣ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ ቀኑን ሙሉ ብትፈስ 35 ሜትር ኩብ ታወጣለች። በሰው 40 ሊትር ሲታሰብ ከ850 በላይ ሰው የሚያጠጣ ውሃ ነው። አብዛኛው ፍሳሽ የሚገኘውም በትልቁ ቧንቧ መሐል ሳይሆን የቤት መስመር ከዋናው በሚለይበት ማቀፊያና ከዚያ እስከ ቆጣሪው ባለው ቀጭን ቧንቧ ነው። ደንበኛው ወጪ ለመቆጠብ ጥልቀት ሳይጠብቅ፣ አንዳንዴም በዲች ውስጥ አጋድሞ የሚያሳልፈው መስመር ዋናው ተጠርጣሪ ነው። የብረት ቧንቧ ላይ ሌሊት አንዱን ጫፍ ቫልቭ ላይ፣ ሌላውን ጆሮ ላይ አድርጎ በብረት ዘንግ ማዳመጥ ይሠራል፤ በፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ግን ድምፁ ስለሚጠፋ ብዙ አይረዳም። የዛገ ቧንቧን በጎማ ቁራጭና በሽቦ ማሰር ለሳምንት ነው። በ50 ሜትር ርቀት ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ የፈነዳ መስመር ካለ ያ ቁራጭ እንዳለ መቀየር አለበት።

ወደ ሦስተኛው ክፍል ስንመጣ ሥራው ቢሮ ውስጥ ነው። የደንበኞችን መዝገብ በኮምፒውተር አውጡና የወር ፍጆታቸው ዜሮ ወይም አንድ ሜትር ኩብ የሆኑትን፣ እንዲሁም ለሦስት ተከታታይ ወር አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸውን ለዩ። የቀደሙት ቆጣሪያቸው የቆመ ሊሆን ይችላል፤ የኋለኞቹ ደግሞ ቆጣሪ አንባቢው በር ላይ ሳይደርስ በግምት የሞላላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ቀጥሎ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ማረሚያ ቤት ካለም እሱን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን ዘርዝሩ፤ ቆጣሪ አላቸው? ይነበባል? ይከፍላሉ? በወረዳ ከተማ ትልቁ ባለዕዳ ብዙ ጊዜ ራሱ አስተዳደሩ ነው። ለድሃ ሰፈር ውሃ ቆርጦ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት በነፃ የሚያፈስ አገልግሎት ታሪፍ ጨምሩ ብሎ ሕዝብ ፊት መቆም አይችልም። የማምለኪያ ቤት በነፃ ይጠጣ ከተባለም ቆጣሪ ይተከልለት፤ ነፃው መጠን በምክር ቤት ይወሰን፤ ከጠፋው ውሃ ጋር ግን አይቀላቀል። ቆጣሪ አንባቢዎችን በየሦስት ወሩ ሰፈር ማቀያየርም ምንም ወጪ የሌለው ትልቅ ቁጥጥር ነው።

ያረጁ ቆጣሪዎች ሲፈተሹ ውሃው እየተንፎለፎለ ብቻ መሆን የለበትም። ልኩ በታወቀ በርሜል አንድ ጊዜ በሙሉ ቧንቧ፣ አንድ ጊዜ በቀጭን ፍሰት ፈትሹ። የተለመደው የግማሽ ኢንች ደረጃ ቢ (የትክክለኛነት ደረጃው ነው) ቆጣሪ በሰዓት ከ30 ሊትር በታች ሲፈስ ማንበቡ አይታመንም፤ የሮቶው ተንሳፋፊ ቫልቭ ሊዘጋ ሲቃረብ ወደ ውስጥ የሚንጠባጠበው ውሃ የሚያመልጠው በዚያ ነው። «አየር ነው የምንከፍለው» የሚለው የደንበኞች ስሞታም እውነት አለው። ባዶ መስመር ሲሞላ የሚገፋው አየር ቆጣሪ ያሽከረክራል። የሰፈሩን ቫልቭ በ15 ወይም 20 ደቂቃ ቀስ እያሉ መክፈትና በከፍታ ቦታዎች የአየር መውጫ ቫልቭ መትከል ስሞታውንም ይቀንሳል፣ መገጣጠሚያዎቹንም ከድንገተኛ ግፊት ያድናል።

ፈረቃውን በተመለከተ የስምንት ቀኑ አደላደል ራሱ ውሃ ያባክናል። ሰው ስምንት ቀን እንደሚጠብቅ ሲያውቅ ያለውን ዕቃ ሁሉ ይሞላል፤ በሚቀጥለው ተራ አሮጌውን ደፍቶ እንደገና ይሞላል። ውሃው ሌሊት ቢመጣ እንዳያመልጠውም ቧንቧውን ከፍቶ ይተዋል። ያው መጠን ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ለአጭር ሰዓት ቢሰጥ ሰው ብዙ አያጠራቅምም። ለዚህ ሰፈሮቹ የሚከፈሉት በከፍታቸው እንጂ በቀበሌ ወሰን መሆን የለበትም። ከሪዘርቫየሩ 80 ሜትር ዝቅ ያለ ሰፈር ውሃው ሳይንቀሳቀስ 8 ባር ይቀበላል፤ 20 ሜትር ዝቅ ያለው 2 ባር ብቻ። ሁለቱ በአንድ ቫልቭ ሥር ከሆኑ የታችኛው ይጠግባል፣ ቧንቧውም ይፈነዳል፤ የላይኛው ያፏጫል። ከፍ ያሉት ለብቻ ተራ ይሰጣቸው፤ ዝቅ ባለው ሰፈር መግቢያ ላይ ግፊት የሚቀንስ ቫልቭ ይተከል። ሁሉም ነገር ባይቻል እንኳ ይህን አታሳልፉት፤ ግፊት ሲቀንስ ፍሳሽም አብሮ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ የጤና ማስጠንቀቂያ አለ። መስመር ባዶ ሲሆን የውጭውን ወደ ውስጥ ይስባል። በዲች ውስጥ የሚያልፈው የተበሳ የቤት መስመር በፈረቃው ቀን ያስወጣውን ያህል በሌላው ቀን ቆሻሻ ይመጥጣል። ስለዚህ በፈረቃ የሚያድል ከተማ ክሎሪን አልጨምርም ማለት አይችልም። 200 ሜትር ኩብ ውሃ ላይ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ለማድረግ 65 በመቶ ጥንካሬ ካለው የክሎሪን ዱቄት 310 ግራም ያህል ያስፈልጋል። ዱቄቱ በባልዲ ውሃ ተበጥብጦ ዝቃጩ ከቀረ በኋላ ውሃው ወደ መግቢያው ቢንጠባጠብ ይሻላል፤ አንዴ ከላይ ቢደፋ አይዳረስም። መጨረሻው ቤት ቧንቧ ላይ ቀሪው ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም መገኘት አለበት። ዱቄቱን በብረት ዕቃ አታስቀምጡ፤ ከናፍጣና ከቅባት ጋር በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ደግሞ እሳት ያስነሳል። ነዋሪውም ውሃው በመጣ ጊዜ የመጀመሪያውን ደፍርሶ የሚመጣ ውሃ ለመጠጥ እንዳይቀዳ ይነገረው።

አሁን ወደ ኮብልስቶኑ። ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን፣ ዲቹን፣ የመንገድ መብራቱን፣ ቆሻሻውን ይይዛል። በአብዛኞቹ ክልሎች የከተማ ውሃ አገልግሎት የራሱ ሒሳብና ቦርድ ያለው ለብቻው የቆመ ተቋም ነው፤ ቧንቧው የእሱ ንብረት ነው። ስለዚህ «ማዘጋጃ ቤቱ ይቀይር» የሚለው ጥያቄ በመርሕ ደረጃ መልሱ አይደለም ነው። የመንገድ ሥራው ጤነኛ ቧንቧ ከሰበረ ግን ሥራ ተቋራጩ ይጠግናል፤ ይህም በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ቧንቧው አርጅቶ ሊቀየር ከሆነ የቧንቧውን ዋጋ ውሃ አገልግሎቱ፣ የቁፋሮና የመልሶ ሙሌቱን ደግሞ ከመንገዱ በጀት ማዘጋጃ ቤቱ ቢሸፍን ሁለቱም ይጠቀማሉ። መንገዱ አንዴ ይቆፈራልና። ከንጣፉ በኋላ ቢመጣ ግን ድንጋዩ ተነቅሎ፣ ተቆፍሮ፣ ተመልሶ ሲነጠፍ በአንድ ክረምት ይሰምጣል። የሚሰምጠው አፈሩ በአንድ ጊዜ ስለሚደፋ ነው፤ በየ15 እና 20 ሴንቲ ሜትሩ እየተረጠበና እየተጠቀጠቀ ካልተመለሰ የትኛውም ድንጋይ አይቆምበትም።

ንጣፉ እንዳይጀመር ማገድ የምትችሉት አሁን ብቻ ስለሆነ አራት ነገር ጠይቁ። አሮጌው የብረት መስመር ከመሐል መንገድ ወጥቶ በእግረኛ ዳር በኩል በኤችዲፒኢ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ቧንቧ ይተካ፤ ግፊቱ 8 ባር በሚጠጋበት ቦታ ፒኤን 16 (እስከ 16 ባር የሚችል) ይሁን እንጂ ፒኤን 10 አይሁን። ጥልቀቱ መኪና በሚያልፍበት ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይነጠፍ፤ ከመሸፈኑ በፊትም በሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይፈተሽ። ከመንገዱ ማዶ ላሉ ቤቶች በየ30 እና 40 ሜትሩ 110 ሚሊ ሜትር ባዶ ቧንቧ አቋርጦ ይቀበር፤ ወደፊት አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ድንጋይ ሳይነቀል በውስጡ ይገባል። አራተኛው በጣም ቀላሉና ዘወትር የሚረሳው ነው፤ የቫልቭ ክዳኖች ከድንጋዩ ወለል እኩል ከፍ ይደረጉ። በብዙ ከተማ ነጣፊዎቹ ቫልቩን ከነክዳኑ ቀብረው ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚዘጋው ስለማይገኝ ግማሹ ከተማ ይዘጋል። የእያንዳንዱ ቫልቭ ቦታ ከሁለት የማይነቃነቁ ነጥቦች፣ ለምሳሌ ከአንድ የግንብ ማዕዘንና ከመብራት ምሰሶ፣ በሜትር ተለክቶ ይመዝገብ። ይህ መዝገብ ለማዘጋጃ ቤቱም ለውሃ አገልግሎቱም ተሰጥቶ ፊርማ እስኪያርፍበት ለተቋራጩ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ።

ስለ ታሪፍና መብራት በአጭሩ። መብራቱ የፌዴራሉ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስለሆነ ምክር ቤቱ መቆራረጡን ሊያስቀር አይችልም፤ የሚባክነውን ግን ይችላል። ከጉድጓዱ የውሃ ወለል እስከ ሪዘርቫየሩ ከፍታው 150 ሜትር ቢሆን አንድ ሜትር ኩብ ለመግፋት ጤነኛ ፓምፕ ከ0.7 እስከ 0.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። የወሩን የመብራት ንባብ ለተመረተው ውሃ አካፍሉ፤ ከ1 ካለፈ ፓምፑ የሚፈተሽበት ጊዜ ደርሷል። ያ 5,900 ሜትር ኩብ በእርግጥ ተመርቶ ከጠፋ በወር ወደ 4,400 ኪሎ ዋት ሰዓት አብሮ ጠፍቷል፤ በቢላችሁ ዋጋ አባዙት። የአገሪቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማ ውሃ ወጪውን እንዲሸፍን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ታሪፍ መጨመር ራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የሚጠፋውን ውሃ ወጪ ከፋዩ ደንበኛ ላይ መጫን ነው። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው የሚያድግ ታሪፍ ካላችሁ ደግሞ ድሃውን እንዳይጎዳ ተጠንቀቁ። አምስት አባወራ በአንድ ግቢ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ከሀብታሙ ቤት በላይ በሆነ ዋጋ ይከፍላሉ። ለቦኖና ለጋራ ግቢ የዝቅተኛው እርከን ዋጋ ይሠራላቸው።

ጉድጓዱ መቼ ነው ተገቢ የሚሆነው? የተመረተው በእርግጥ 8 ሊትር ሆኖ ብክነቱ ከ43 ወደ 25 በመቶ ቢወርድ በወር ወደ 2,500 ሜትር ኩብ ይተርፋል፤ ለሰው የሚደርሰው ግን 31 ሊትር ብቻ ነው። ፓምፑ ከ16 ወደ 20 ሰዓት ቢያድግ ያን ጊዜ 39 ሊትር ይሆናል። ያለ አዲስ ጉድጓድ መለኪያውን ልትነኩ ትችላላችሁ ማለት ነው። ነገር ግን 20 ሰዓት የሚፈቀደው የጉድጓዱ የፓምፕ ሙከራ ሰነድ ከፈቀደና የውሃው ወለል ካልወረደ ብቻ ነው። በየወሩ ፓምፑ ሲሠራም ሲቆምም ወለሉ ይለካ። ከዓመት ዓመት እየወረደ ከሆነ ሰዓት መጨመር ጉድጓዱን ያደርቃል፤ ያን ጊዜ አዲስ ምንጭ መፈለግ ግዴታ ነው፤ እኔም የመዋጮው ደጋፊ ነኝ።

እስከዚያ ከጉድጓድ ቀድሞ የሚገዛው መጠባበቂያ ፓምፕ ነው። አንድ ጉድጓድ ያላት ከተማ ፓምፗ ሲቃጠል ግዢ ወጥቶ፣ ክሬን መጥቶ እስኪተከል ሳምንታት በጋሪ ውሃ ትኖራለች። ሙሉ ፓምፕ ከነሞተሩ፣ ገመዱና የገመድ መገጣጠሚያው መጋዘን ይቀመጥ። ፓምፕ ከሚገድሉት ዋነኞቹ አንድ ፌዝ (ከሦስቱ የመብራት መስመሮች አንዱ) መጥፋቱና ያለ ውሃ ደረቅ መሥራቱ ስለሆኑ በቦርዱ ላይ የፌዝ መቆጣጠሪያና የውሃ ወለል ዳሳሽ ይኑር። ቢኖሩም ተረኛው «ሥራ አስቆመብኝ» ብሎ በሽቦ አገናኝቶ እንዳላለፋቸው ገልጣችሁ እዩ።

ጉድጓድ ሲወሰንም መዋጮው የቁፋሮውን ዋጋ ብቻ ይዞ አይጀመር። የቦታ ጥናት፣ ፈቃድ፣ ቁፋሮና ኬዚንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚደግፍ ቧንቧ)፣ የ72 ሰዓት የፓምፕ ሙከራ፣ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ ፓምፕ፣ ትራንስፎርመር፣ እስከ ሪዘርቫየር የሚደርስ መስመር ሁሉ በአንድ በጀት ይግቡ። ተቆፍረው፣ ተከድነው፣ ትራንስፎርመር የሚጠብቁ ጉድጓዶች የሚበዙት ይህ ስለሚዘለል ነው። በደጋው ጥቁር ድንጋይ ውሃ የሚገኘው በስንጥቅ ውስጥ ስለሆነ ጎረቤት ጉድጓድ ውሃ መስጠቱ ለአዲሱ ዋስትና አይሆንም። ተቋራጩ የሚከፈለው በሜትር ከሆነ ደረቅ ጉድጓድ ቢወጣ ወጪው የማን እንደሆነ በውሉ ይጻፍ። በሙከራው ሦስት ቀናት ውስጥ የአሮጌው ጉድጓድ ወለል አብሮ ይለካ። አዲሱ ሲሳብ አሮጌው ከወረደ ሁለቱ ከአንድ ማድጋ እየጠጡ ነው፤ የሁለቱ ድምር በተናጠል የተለካውን ያህል አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ እንደ ወንጂና መተሐራ ባሉ አካባቢዎች ደግሞ ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም ማለፉ የታወቀ አደጋ ነው። ደጋ ላይ ሥጋቱ ቢያንስም ምርመራው አይቀርም።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚያቀርቡት የውሳኔ ሐሳብ ይህ ይሁን፦ የመዋጮው ጉዳይ ለስድስት ወር ይቆይ፤ በመጀመሪያው ወር የሪዘርቫየሩና የጉድጓዱ ልኬት ተሠርቶ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ከሪዘርቫየሩ በሚወጣው ዋና መስመር ላይ ትልቅ ቆጣሪ ይተከል (መስመሩ 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከፊቱ 1 ሜትር፣ ከኋላው ግማሽ ሜትር ቀጥ ያለ ቧንቧ ይኑረው፤ ከክርን አጠገብ የተተከለ ቆጣሪ ይዋሻል)፤ የመንግሥት ተቋማት ቆጣሪ ገብቶላቸው የቆየ ዕዳቸው በበጀት ይያዝ፤ የሌሊት ልኬቱ በሁሉም ሰፈር እስከ አራተኛው ወር ይጠናቀቅ፤ የኮብልስቶኑ ውል ቧንቧው ሳይፈተሽ እንዳይፈረም። በስድስተኛው ወር ቦርዱ ምርትን፣ ቢልንና የጉድጓዱን ወለል ጎን ለጎን አስቀምጦ ለምክር ቤቱ ያቅርብ። ገንዘብ ይሰብሰብ ከተባለም በዚያን ጊዜ፣ ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ በሕጋዊ የገቢ ደረሰኝና ሙሉውን በጀት ለሕዝብ በይፋ ለጥፎ ይሁን።